ዊታሙ፦ በቤቷ ያገለገለች ምርኮኛ የጻፈችባት የፖካሴት እመቤት

አንድ ቀን ተቀምጠሽ ስለምትሠሪላት ማዳም ብትጽፊ ምን ትጽፊ ነበር? ጠዋት ለመልበስ የምትፈጀውን ጊዜ፣ ስትቆጣ ድምጿ እንዴት እንደሚለወጥ፣ የትኛውን ምግብ እንደምትንቅ፣ ለማን እንደምትራራና በማን እንደምትጨክን ከአንቺ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የቤት ሰው የማያየውን በቤት የሚያገለግል ያያል። አሁን ደግሞ ከ300 ዓመት በኋላ ሰዎች ያችን ሴት በቤቷ ውስጥ ማየት ሲፈልጉ የሚያገኙት ያንቺን ጽሑፍ ብቻ ቢሆን ብለሽ አስቢ።

ዛሬ የምንነግርሽ ዊታሙ ዕጣዋ እንዲህ ሆነ። የራሷ አገርና የራሷ ወታደሮች የነበሯት ሴት ባላባት ነበረች። የቅርብ መልኳን የነገረችን ግን በቤቷ ካልሲ ስትሠራ፣ እንጨት ስትለቅምና ስትመታ የከረመች እንግሊዛዊት ምርኮኛ ናት። ምርኮኛዋ እመቤቷን አልወደደቻትም። ታሪኩን ስታነቢ ይህን አትርሺ፤ ምርኮኛዋም እውነተኛ በደል እንደደረሰባት ደግሞ አትርሺ።

አገሩ ዛሬ አሜሪካ የምንለው ነው። በሰሜን ምሥራቁ ጠረፍ፣ የማሳቹሴትስና የሮድ አይላንድ ግዛቶች በሚዋሰኑበት የባሕር ዳር የዋምፓኖአግ ሕዝብ ይኖር ነበር። ወንዶቹ ያድናሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ፤ እርሻው ግን የሴቶቹ ነው። በቆሎውን፣ ባቄላውንና ዱባውን በአንድ ማሳ ላይ አብረው ይዘሩታል። ሕዝቡ በአንድ ንጉሥ ሥር ሳይሆን በየአካባቢው ባላባት የሚተዳደር ነበር፤ ባላባትነቱ ደግሞ ለሴትም ይደርስ ነበር። እንዲህ ያለችዋን ሴት ሶንክስኳ ይሏታል። የባላባት ሚስት ማለት አይደለም፤ ራሷ ባላባት ማለት ነው።

ዊታሙ በ1630ዎቹ ገደማ እንደተወለደች ይገመታል። አባቷ ኮርቢታንት የፖካሴት ባላባት ነበር። ፖካሴት ዛሬ ቲቨርተንና ፎል ሪቨር የሚባሉት ከተሞች ያሉበት፣ በአንድ በኩል ባሕር በሌላው በኩል ጥቅጥቅ ያለ ደንና ረግረግ ያለበት ምድር ነው። ረግረጉን ያዢው፤ በኋላ ሕይወቷን የሚያተርፍላት እሱ ነው።

እሷ ስትወለድ እንግሊዛውያኑ መጥተው ነበር። ከመምጣታቸው ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ከ1616 እስከ 1619 ባለው ጊዜ፣ የአውሮፓ መርከቦች ይዘውት የመጡት ወረርሽኝ የጠረፉን ሕዝብ ፈጅቶ መንደሮችን ባዶ አስቀርቷል። በ1620 ሜይፍላወር የተባለችው መርከብ ሰፋሪዎቹን ስታወርድ የዋምፓኖአጎቹ ታላቅ ባላባት ማሳሶይት የተዳከመ ሕዝብ ይዞ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ከሰፋሪዎቹ ጋር የሰላም ውል ገባ፤ ውሉም 40 ዓመት ያህል ቆየ። ኮርቢታንት ግን ከመጀመሪያውም ሰፋሪዎቹን አላመናቸውም ነበር። ልጁ ከማን እንደወረሰችው ይገባሻል።

በእነዚያ 40 ዓመታት ሰፋሪው በዛ። ከብቱና አሳማው አጥር ወዳልነበረው የሴቶቹ የበቆሎ ማሳ እየገባ ሰብሉን ይበላ ነበር። መሬትም በወረቀት መሸጥ ጀመረ። ለዋምፓኖአጎቹ መሬት የሚኖሩበት፣ የሚያርሱትና የሚቀበሩበት እንጂ ተፈርሞ የሚጠፋ ነገር አልነበረም። ዊታሙ ግን የወረቀቱን ነገር ቶሎ አወቀችው፤ ያወቀችውም በገዛ ባሏ በኩል ነው።

ባሏ ዋምሱታ የማሳሶይት የበኩር ልጅ ነበር። የዊታሙ እህት ዉቶነካኑስኪ ደግሞ የዋምሱታን ታናሽ ወንድም ሜታኮምን አገባች። ሁለት እህትማማቾች ሁለት ወንድማማቾችን ማግባታቸው የፖካሴትንና የማሳሶይትን ቤት አንድ ላይ ቋጠረ። ነገር ግን ዋምሱታ ለእንግሊዛውያን ከሸጣቸው መሬቶች መካከል የእሷ የሆኑም ነበሩበት። እሷም ዝም አላለችም። በ1662 የገዛ ባሏ ያለ ፈቃዷ መሬቷን እንደሸጠ በፕሊመዝ የእንግሊዞች ፍርድ ቤት አቤት አለች። በመዝገቡ የሰፈረው ስሟ ናሙምፐም ነው፤ በሕይወት ዘመኗ ከአንድ በላይ ስም ነበራት። ላቧን አንጠፍጥፋ ገንዘብ ልካ በመጨረሻ ሰነዱ በሌላ ሰው ስም ወጥቶ ያገኘች እህት ካለች፣ ዊታሙ ለምን እስከ ባዕድ ፍርድ ቤት ድረስ እንደሄደች ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገንም።

በዚያው ዓመት ዋምሱታ ሞተ። የፕሊመዝ ሹማምንት መሬት ለሌላ ቅኝ ግዛት እየሸጠና ጦርነት እያሰበ ነው ብለው ጠረጠሩት። ጆሳያ ዊንዝሎው የተባለ መኮንን የታጠቁ ሰዎች ይዞ ሄዶ ባደረበት ያዘውና ለምርመራ ወሰደው። ዋምሱታ በዚያው ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ አረፈ። ወገኖቹ ተመርዟል ብለው አመኑ። ዊታሙ መሬቷን የሸጠባትን ባል ብትከስም ሞቱን ግን በእንግሊዞች እጅ የሆነ ነገር አድርጋ ያዘችው። ጆሳያ ዊንዝሎው የሚለውን ስም አስታውሺው፤ ተመልሶ ይመጣል።

ከዋምሱታ ቀጥሎ ባላባትነቱን ሜታኮም ያዘ። እንግሊዛውያኑ ፊሊፕ ይሉታል፤ በኋላ የተነሳውም ጦርነት በስሙ የንጉሥ ፊሊፕ ጦርነት ተባለ። ዊታሙ በበኩሏ ፔቶኖዎዌት የሚባል ሰው አገባች፤ ፖካሴትንም ማስተዳደሯን ቀጠለች።

በሰኔ 1675 ፕሊመዝ ሦስት ዋምፓኖአጎችን በነፍስ ግድያ ከስሳ በሞት ቀጣች። ሟቹ ጆን ሳሳሞን የተባለ፣ ክርስትና የተቀበለና እንግሊዝኛ የሚጽፍ የአገሬው ሰው ነበር። የሜታኮም ወጣቶች ጦር መሳልና መጨፈር ያዙ። ሁሉም ወገን ያን ጊዜ ዓይኑን ወደ ዊታሙ አዞረ። ምክንያቱ የምድሩ አቀማመጥ ነው። የሜታኮም መኖሪያ ሞንታፕ በውኃ የተከበበ ልሳነ ምድር ላይ ነው፤ እንግሊዛውያኑ በየብስ ከዘጉበት ማምለጥ የሚችለው ውኃውን ተሻግሮ ወደ ፖካሴት ብቻ ነው። በሩ የእሷ ነው። ከፈተችለት ጦርነቱ ይሰፋል፤ ከዘጋችበት እዚያው ያበቃል።

ሰኔ 15 ደብዳቤ ደረሳት። ወዳጅነቷን አጥብቃ እንድትይዝ፣ ከሜታኮም እንድትርቅ የሚመክርና በጎ ነገር ተስፋ የሚሰጥ ነበር። የላከው የፕሊመዝ ገዥ ነው፤ ገዥው ደግሞ ያው ጆሳያ ዊንዝሎው ነው። ከ13 ዓመት በፊት ባሏን አስይዞ የወሰደው ሰው አሁን ወዳጄ ሁኚ ይላታል።

በዚያው ሰሞን ቤንጃሚን ቸርች የተባለ ሰፋሪ መጥቶ አነጋገራት። አብዛኞቹ ሰዎቿ ያለ ፈቃዷ ወደ ሜታኮም ጭፈራ እንደሄዱና ጦርነት እንደምትፈራ ነገረችው። እሱም ወደ ደሴቲቱ ተሻግራ ከእንግሊዛውያኑ ጥበቃ እንድትገባ መከራት። ባሏ ፔቶኖዎዌት በኋላ ይህንኑ መንገድ መርጦ ወደ እንግሊዛውያኑ ገባ። እሷ ከባሏ ጋር አልሄደችም። በሰኔ መጨረሻ ሜታኮም ውኃውን ተሻግሮ ሲመጣ በሩን ከፈተችለት፤ ከፔቶኖዎዌት ጋርም በዚያው ተለያዩ።

እንግሊዛውያኑ ተከትለው ወደ ፖካሴት ረግረግ ገቡ። ጭቃው እስከ ጉልበት ይይዛል፤ ዛፉ ከመጠቅጠቁ የተነሣ ከፊት ያለው ጠላት ይሁን ወገን አይለይም። ሰው ሲሞትባቸው ወጥተው በዳር ምሽግ መሥራት ጀመሩ፤ በረኃብ እናወጣቸዋለን ብለው ነው። ዊታሙ ግን ያንን ረግረግ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። በሐምሌ መጨረሻ በሌሊት ግንድ አስረው በሠሩት መንሳፈፊያ ሕዝቡን ወንዙን አሻግረው አመለጡ። ሁሉም አልተሻገረም፤ መራመድ ያቃታቸው ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ወደ ኋላ ቀሩ፤ ተማረኩም። መሪ መሆን ማንን ይዞ ማንን ትቶ መሄድ እንደሆነ በዚያች ሌሊት አየችው።

ከዚያ ሜታኮም ወደ ሰሜን ሲሄድ እሷ ወገኖቿን ይዛ ወደ ደቡብ፣ ወደ ናራጋንሴት ሕዝብ ዞረች። ናራጋንሴቶቹ በጦርነቱ ገና አልገቡም ነበር። እንግሊዛውያኑ የተጠጓችሁን ዋምፓኖአጎች አሳልፋችሁ ስጡ ብለው ውል አስፈረሟቸው፤ እነሱ ግን አልሰጧቸውም። ዊታሙ ከናራጋንሴት ባላባቶች አንዱን፣ ኩዊናፒንን አገባች። ኩዊናፒን ሌሎች ሚስቶችም ነበሩት። በጦርነት መካከል የተደረገ ጋብቻ ስለሆነ ፍቅርም ይኑርበት አይኑርበት፣ ስደተኛ ሕዝቧ የሚጠለልበትን ቤት አገኘችበት።

መጠለያው ብዙ አልቆየም። ታኅሣሥ 19 ቀን 1675 በበረዶ መካከል የቅኝ ግዛቶቹ ጦር በረግረግ ውስጥ የተሠራውን የናራጋንሴት ምሽግ ወረረ፤ ጎጆዎቹንም ከነሰዉና ከነክረምቱ እህል አቃጠለ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞቱ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ዊታሙ ተረፈች። ናራጋንሴቶቹም ከዚያ ወዲያ በሙሉ ልባቸው ጦርነት ውስጥ ገቡ።

አሁን ምርኮኛዋ ትመጣለች። የካቲት 10 ቀን 1676 ተዋጊዎች ላንካስተር የምትባለውን የእንግሊዞች ከተማ አጠቁ። የቄሱን ሚስት ሜሪ ሮውላንድሰንን ከሦስት ልጆቿ ጋር ማረኳት። በክንዷ ታቅፋት የነበረችው የስድስት ዓመቷ ሣራ ቆስላ ነበር፤ ከቀናት በኋላ ሞተች። የማረካት ሰው ሜሪን ለኩዊናፒን ሸጣት። እሷም ከቤቱ ገባች፤ የምታገለግላት እመቤት ዊታሙ ሆነች።

ሜሪ ከ11 ሳምንት በላይ አብራቸው ተንከራተተች። የጻፈችው መጽሐፍ የሚነበበው ለዚህ ክፍሉ ነው፤ እኔም ከሁሉ በላይ የገረመኝ እሱ ነው። እመቤቷ ካልሲ ሥሪ ስትላት ትሠራለች። በሰንበት አልሠራም ስትል ፊትሽን እንሰብረዋለን ተባለች። መጽሐፍ ቅዱሷን ስታነብ ዊታሙ ነጥቃ ወደ ውጭ ወረወረችባት። አንድ ቀን ከሜታኮም ቤት የመጣች ሴት ለልጄ የሚሆን ጨርቅ ከሽርጥሽ ቆርጠሽ ስጪኝ አለቻት፤ ሜሪ እምቢ አለች። ዊታሙም ስጪያት አለች፤ ሜሪ አሁንም እምቢ። ዊታሙ ትልቅ ዱላ አንሥታ ሰነዘረች፤ ሜሪ ዘወር ስትል ዱላው ምንጣፉ ውስጥ ተሰካ። እሱን እስክትነቅል ሜሪ ሮጣ ሽርጧን ሙሉውን ለሴትዮዋ ሰጠች።

በሌላ ጊዜ የኩዊናፒን አሮጊት ሚስት ምንጣፍና መደረቢያ ሰጥታ፣ አብልታ በጎጆዋ አስተኛቻት። ብዙም ሳትቆይ ከዊታሙ ዘንድ ነይ የሚል መልእክት መጣ። ሜሪ እንደገባት ዊታሙ የፈራችው ጉልበቷንም የማስለቀቂያ ገንዘቡንም እንዳታጣ ነው። ይህ ሒሳብ ለአንቺ አዲስ አይመስለኝም።

የልብሱ ነገርም አለ። ሜሪ እንደምትለው ዊታሙ በየቀኑ እንደ ባለጠጋ ወይዘሮ ጊዜ ወስዳ ታጌጣለች፤ ጸጉሯን ትነሰንሳለች፣ ፊቷን ትቀባለች፣ ሐብልና ጉትቻ ታደርጋለች፣ አምባሯን ትደረድራለች። ከዚያ በኋላ ሥራዋ ከዛጎል ዶቃ መቀነት መሥራት ነው። ሜሪ ይህን እንደ ኩራትና እንደ ሥራ ፈትነት ቆጠረችው። እዚህ ላይ ግን አላየችም ብዬ አምናለሁ። ዋምፐም የሚባለው የዛጎል ዶቃ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። መቀነቱ በባላባቶች መካከል ለስምምነት ማሰሪያ፣ ለመልእክት፣ ለወዳጅነት ማስታወሻ የሚላክ ነበር። በየመንደሩ ወዳጅ በሚፈለግበት የጦርነት ዓመት ዊታሙ ቁጭ ብላ መቀነት ስትሠራ የመንግሥት ሥራ እየሠራች ነበር። በቤቷ ያለች ሴት ሁሉን ታያለች፤ ያየችው ምን እንደሆነ ግን የሚነግራት የለም።

የምግቡን ታሪክ ደግሞ ስሚ። ሜሪ በስፌትና በካልሲ ሥራ የራሷን ጥቂት ነገር ማግኘት ጀመረች። ሜታኮም ራሱ ለልጁ ሸሚዝ አሰፍቷት አንድ ሽልንግ ከፈላት፤ ቆብ ስትሠራለት በድብ ስብ የተጠበሰ ቂጣ አበላት። ከአንዷ ሴት የድብ ሥጋ፣ ከሌላዋ አተር አገኘች። አንድ ላይ ቀቅላ ጌታዋንና እመቤቷን ጋበዘች። ዊታሙ ግን ለሁለቱ በአንድ ሳህን ስላቀረበች አልበላም አለች፤ ባሏ በቢላው ጫፍ ካጎረሳት አንዲት ቁራጭ በቀር። ከአንድ ገበታ መብላት ፍቅር በሆነበት ባህል ላደግን ለእኛ ይህ እንግዳ ነው። እኔ የምገምተው፣ ለባሏ ጭራ አድርጎ የሚያስቀምጣትን ነገር አልቀበልም ማለቷ ነው። እሱ የናራጋንሴት ባላባት፣ እሷ የፖካሴት ባላባት፤ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሳህን። ሜሪ ግን ትዕቢተኛ ብላ አለፈቻት። ለፍታ ያገኘችውን ምግብ አብስላ ስትጋብዝ የተናቀች ሴት ሌላ ምን ልትል ትችላለች?

በዚያ ጉዞ ውስጥ የዊታሙ ሕፃን ልጅ ሞተ። ሜሪ ብዙ ማዘን እንዳልቻለች፣ ይልቁንም ጎጆው ሰፋ ያለ ቦታ እንዳገኘ ሳትደብቅ ጻፈች። ሰዎች ጠዋትና ማታ እየመጡ ከዊታሙ ጋር ሲያለቅሱ ምርኮኛዋ በዳር ሆና ትመለከት ነበር። የሣራ መቃብር ከኋላቸው በኮረብታ ላይ ነበር። ልጅ የሞተባቸው ሁለት እናቶች በአንድ ጎጆ ውስጥ ነበሩ፤ አንዷ ለሌላዋ አላለቀሰችም። ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቤ በማንኛቸውም ላይ መፍረድ አልቻልኩም።

ሁሉም ይራብ ነበር። እህሉ ተቃጥሏል፤ የሚበላው ከመሬት የሚቆፈር ሥር፣ ከዛፍ የወደቀ ፍሬ፣ የፈረስ ሰኮናና ደጋግሞ የተቀቀለ አጥንት ነው። ሜሪ ራሷ ግን አንድም ሰው በረኃብ ሲሞት አላየሁም ብላለች።

በጸደይ ስለ ማስለቀቂያው ንግግር ተጀመረ። ባላባቶቹ ሜሪን ጠርተው ባልሽ ስንት ይከፍላል፣ አንቺው ተናገሪ አሏት። ብዙ ብትጠራ ባሏ ያጣዋል፤ ጥቂት ብትጠራ ይንቋታል። በመጨረሻ 20 ፓውንድ አለች። ከመለቀቋ በፊት በተደረገው ጭፈራ ኩዊናፒንና ዊታሙ አብረው ጨፈሩ። እሱ ዳንቴልና የብር ቁልፍ ያለበት ሸሚዝ ለብሷል፤ እሷ ከወገቧ ጀምሮ ወደ ላይ በዶቃ መቀነት ተሸፍናለች፣ ከክርኗ እስከ እጇ አምባር ደርድራለች፣ ቀይ ካልሲና ነጭ ጫማ አድርጋለች። ግንቦት 2 ቀን 1676 ሜሪ ተለቀቀች። 

በጋው ለዋምፓኖአጎቹ ክፉ ሆነ። ረኃብና በሽታ በረታ፤ ብዙዎች እጃቸውን ሰጡ፤ የአገሬው ተዋጊዎችም ከእንግሊዛውያኑ ጋር ሆነው ያሳድዷቸው ጀመር። ዊታሙ ወደ ገዛ ምድሯ ተመለሰች። ጦርነቱ ሲጀመር 300 ያህል ተዋጊዎች ነበሯት ተብሎ ይነገራል፤ በነሐሴ አብረዋት የቀሩት 26 ሰዎች ነበሩ። ነሐሴ 6 ቀን አንድ ሰው የተደበቁበትን ለቶንተን ከተማ ሰዎች ጠቆመ። 26ቱም ተያዙ። እንግሊዛውያኑ እንደጻፉት እሷ በግንድ መንሳፈፊያ ወንዙን ልትሻገር ስትሞክር ሰጠመች። ከአንድ ዓመት በፊት ሕዝቧን በሌሊት ያሻገረችበት ውኃ ነው።

አስከሬኗን ራቁቱን በዳር አገኙት፤ ማን እንደሆነች እንኳ አላወቁም። ራሷን ቆርጠው በቶንተን በእንጨት ላይ ሰቀሉት። እዚያ የታሰሩት ዋምፓኖአጎች ሲያዩት እመቤታችን ናት ብለው እየጮኹ አለቀሱ። እንግሊዛውያኑ ማን እንደሆነች ያወቁት በለቅሶው ነው።

ከስድስት ቀን በኋላ ሜታኮም ተገደለ። ኩዊናፒን በዚያው ወር በኒውፖርት በጥይት ተረሸነ። እህቷ ዉቶነካኑስኪና የዘጠኝ ዓመት ልጇ ተማርከው ነበር፤ ልጁ ሜሪ ሸሚዝ የሰፋችለት ነው። የሜታኮም ልጅ ነውና ይገደል ወይስ ይሸጥ ብለው ቀሳውስት ተከራከሩበት፤ በመጨረሻ በባርነት ተሸጠ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ምርኮኞች በመርከብ ተጭነው ወደ ካሪቢያን ደሴቶችና ወደ ሌላ አገር ሄዱ። እዚያው የቀሩ ብዙ ሕፃናት ደግሞ በእንግሊዛውያን ቤት እስኪያድጉ እንዲያገለግሉ ተሰጡ። ስለ እነሱ እመቤቶች የጻፈ የለም።

የሜሪ መጽሐፍ በ1682 ታትሞ በዚያው ዓመት ተደጋግሞ ወጣ፤ እስከ ዛሬም በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ይነበባል። ዋምፓኖአጎችም አልጠፉም። ማሽፒና አኩዊና በሚባሉ ስፍራዎች የራሳቸው አስተዳደር ያላቸው ማኅበረሰቦች አሏቸው፤ መናገር ያቆሙትንም ቋንቋቸውን እንደገና ለልጆቻቸው እያስተማሩ ነው። ሜሪ የተለቀቀችበት ዐለት ዛሬ የመቤዠት ዐለት ይባላል፤ ሰዎች እየሄዱ ይጎበኙታል። ቲቨርተን ውስጥ፣ በፖካሴት ምድር ደግሞ የማይቆረጥ ደን አለ፤ የዊታሙ ደን ይሉታል። በውስጡ ረግረግ አለ።